መካኒኩ ኮሎኔል

መኪና ወዳድ፣ ሞተር ብስክሌት ወዳድና አውሮፕላን ወዳድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ እንደ ሆነ ክርክሩ መነሣቱ አይቀርም። የመኪናው ሰው ሞተርን የሚያውቀው ከሥሩ ተኝቶ ዘይት የጠገበ ብቻ ነው ይላል። የሞተር ብስክሌቱ ሰው ኃይልንና ክብደትን በትክክል ያመዛዘነ የእርሱ መሣሪያ መሆኑን ያስረዳል። የአውሮፕላኑ ሰው በበኩሉ፣ ሞተር ቢጠፋ ዳር ይዞ ማቆም የማይቻልበትን ሙያ ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ተገቢ አለመሆኑን ገልጦ ሁለቱንም ዝም ለማሰኘት ይሞክራል። ጨዋታው ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ የሦስቱን ሙያዎች ታሪክ የመረመረ ሰው በመካከላቸው ያለውን ድንበር በቀላሉ አያገኘውም።

ራይት የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 በሞተር ኃይል ከመብረራቸው በፊት ኑሯቸው ብስክሌት መሥራትና መጠገን ነበር፤ የመጀመሪያው አውሮፕላናቸው ፕሮፔለሮችም የሚዞሩት በሰንሰለት ነበር። ግሌን ከርቲስ ደግሞ ሞተር ብስክሌት ሠሪ ነበር። በጥር ወር 1907 በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ስምንት ሲሊንደር ባለው ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጦ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ በሠራው ሞተር አውሮፕላን አስነሥቶ በረረ። በሕይወታቸው በፍርድ ቤት ሲካሰሱ የኖሩት የእነዚህ ሰዎች ስም በ1929 ከርቲስ-ራይት በተባለ አንድ ኩባንያ ውስጥ ተጣመረ። በቺካጎ ከተማ በዚሁ ስም የሚጠራ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበረ። ለኢትዮጵያ የአቪዬሽን ታሪክ የሚያገባው ነገር የሚጀምረው በዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

ጆን ሮቢንሰን ያደገው በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ጋልፍፖርት በምትባል የወደብ ከተማ ነው። በአላባማ በሚገኘው የተስኪጊ ተቋም የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምሮ በ1924 ተመረቀ። ቀጥሎም በዲትሮይትና በቺካጎ በጋራዥ ሥራ ተሰማራ። በዚያው ሙያ የተሠማራው ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊና እርሱ ወደ ከርቲስ-ራይት ትምህርት ቤት ያመለከቱት በደብዳቤ ነበርና ተቀባይነት አገኙ። በአካል ሲቀርቡ ግን ጥቁሮች መሆናቸው ታወቀና በሩ ተዘጋባቸው። ኮፊ ይሠራበት የነበረው የመኪና መሸጫ ባለቤት ትምህርት ቤቱን እከሳለሁ ብሎ ባያስፈራራ ኖሮ ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር። ሮቢንሰን ከዚህ ቀደም በዚያው ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ወለሉን እየጠረገ ትምህርቱን በጆሮው ይለቅም እንደ ነበር ይነገራል። ሁለቱ በ1931 ተመረቁ፤ ከዚያም ትምህርት ቤቱ ራሱ ለጥቁር ተማሪዎች መምህራን አደረጋቸው። በብስክሌት ጠጋኝና በሞተር ብስክሌት ሠሪ ስም የቆመ ቤት የመኪና መካኒክን ለማስገባት የክስ ዛቻ ማስፈለጉ የሚያስገርም ነው።

ሁለቱ ጓደኞች ከመሰሎቻቸው ጋር የሠሩት የመጀመሪያ አውሮፕላን ሒዝ ፓራሶል የተባለው ነበር። ይህ አውሮፕላን ክፍሎቹ ለየብቻ ተሸጠው ገዥው ራሱ የሚገጣጥመው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ክንፉ እንደ ጃንጥላ ከአብራሪው ራስ በላይ የተዘረጋ ነው። የተለመደው ሞተሩ ከሄንደርሰን ሞተር ብስክሌት የተወሰደ፣ አራት ሲሊንደር ያለው፣ ኃይሉ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት የማይሞላ ነበር። የሞተር ብስክሌት ሞተር የተመረጠው ስለ ረከሰ ብቻ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ የራዲያተርና የውሃ ክብደት የለበትም፤ በዚያን ዘመን ተራ ሰው ሊገዛቸው ከሚችላቸው የመኪና ሞተሮች ጋር ሲመዘን ለሚሰጠው ኃይል እጅግ ቀላል ነው። ጉድለቱም የታወቀ ነው። ሲሊንደሮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ የተሰለፉ በመሆናቸው የፊተኛው ነፋስ ሲያገኝ የኋለኛው ይግላል፤ መንገድ ላይ በየመብራቱ ለሚያርፍ ሞተር የተበጀው ዕቃ ሳያቋርጥ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ቶሎ ያልቃል። ይህንን ለመቋቋም ዘይቱን፣ ቫልቩንና የካርቡራተሩን ቅንብር በእጁና በጆሮው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ኮፊ ከጊዜ በኋላ ካርቡራተር በበረራ ላይ በረዶ እንዳይዝ የሚያደርግ ማሞቂያ በመሥራት ስሙ የተጠራው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ በመነሣት ነው።

ሮቢንሰን በአዲስ አበባ የደረሰው በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ተጋብዞ በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተነዳችው ፖቴዝ 25፣ በዋና ከተማው ካረፈች ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ወዲህ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም ነበር። ያሉት አውሮፕላኖች ከደርዘን እምብዛም የማይበልጡና ለውጊያ የማይበቁ ነበሩ። ጠላት ሳይመጣ አየሩ ራሱ ይፈትናቸው ነበር። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አምስት አንድ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ክንፉም የሚያነሣው እጅግ ከሮጠ በኋላ ነው፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ በዝቶ ጥቁር ጢስ ይተፋል። ከቆላ ወደ ደጋ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የኮሎኔልነት ማዕርግ የተሰጠው መካኒክ በእነዚህ አውሮፕላኖች መልእክትና ሰው ወደ ግንባር ያመላልስ ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብም እዚያው ነበረ። አዲስ አበባ ልትያዝ ስትቃረብ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በቺካጎም ብዙ ሺህ ሕዝብ ተቀበለው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ቴክኒሻኖች ጋር እንደ ገና መጥቶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ወዳጆቹ አብዝተው የሚያነሡት፣ ነገር ግን በጥንቃቄ መታየት የሚገባው አስተያየት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሥራች እርሱ ነው ይባላል። አየር መንገዱ የተቋቋመው መንግሥት ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ባደረገው ውል ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገውም በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነው። አብራሪዎቹም ሆኑ ዋናዎቹ ቴክኒሻኖች በዚያ ውል የመጡ ነበሩ። ለሮቢንሰን ያልሠራውን ሥራ መስጠት የሠራውን ያስረሳል። የእርሱ ድርሻ ሌላ ነው፤ ለአገሩ ልጆች ያወረሰው የአቪዬሽን ሙያን ነው። በትውልድ አገሩም እንዲሁ ነበር፤ በ1934 ወደ ተስኪጊ በአውሮፕላን በርሮ የተማረበት ተቋም የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ለምኖ ነበር። ተቋሙ ትምህርቱን የከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝናቸው የታወቀው ጥቁር አብራሪዎችም የወጡት ከዚያው ነው።

ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ቈስሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ። የተቀበረው በጉለሌ ነው።