ባዮቴክኖሎጂና የዘረመል ምህንድስና

ባዮቴክኖሎጂ ሕያዋን ነገሮችን ለሰው ጥቅም የማዋል ሙያ ነው። ተማሪ መነሻውን ከቤቱ ሊጥ ያገኘዋል፦ የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት የዱቄቱን ስኳር ይበላሉ፤ አሲድና ጋዝም ያወጣሉ። የእንጀራው ኮምጣጣ ጣዕምና ዓይኑ ከዚያ ይመጣል።

የዘረመል ምህንድስና ከዚህ ይለያል፤ የፍጡሩን ዘረመል ራሱን መቀየር፣ ወይም ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረመል ማስገባት ነው።

ብዙዎች ከማዳቀል ጋር ያምታቱታል። የጤፍ አበባ ደቃቅ ነው፤ የሚከፈተውም በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ማዳቀሉ ለረጅም ዘመን አልተቻለም ነበር። ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የአበባውን ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደረሰበት። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎችም ሁለት ዝርያዎችን አዳቅለው ቁንጮ የተባለውን ጤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 አወጡ። ቁንጮ የማዳቀል ውጤት ነው፤ የባዕድ ዘረመል የለበትም። ጸደይ የተባለው ጤፍ የዘረመል ቅደም ተከተል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ፤ ይህም ማንበብ እንጂ መቀየር አይደለም።

በዘረመል ምህንድስና ከተገኙት ቢቲ ጥጥ ይጠቀሳል። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ተክሉ ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርገዋል። ኢትዮጵያ ቢቲ ጥጥን ለንግድ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳለች። የዘረመል ምህንድስናን ሥራ የሚገዛው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል።