ቺንን ያደክማል የተባለው ቦይ

የሱን ዙን «የጦርነት ጥበብ» የማታለያ ስልቶች ስብስብ አድርገው የሚያነቡ ብዙዎች ሁለተኛውን ምዕራፍ ቶሎ ያልፉታል። ምዕራፉ ግን በመሠረቱ የበጀት ሰነድ ነው። ለሠረገላ ጥገና የሚውለውን ሙጫ ሳይቀር ይቆጥራል፤ ከጠላት አገር የተገኘን አንድ ስፍር እህል ከራስ አገር ከተጓጓዘ ሃያ ስፍር ጋር ያስተካክላል። ልዩነቱን የሚበላው መንገዱ ነው። ስለዚህም የተራዘመ ጦርነት ለየትኛውም መንግሥት አይበጅም ባይ ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ጥያቄ ይወለዳል፦ ተቀናቃኝን ያለ ጦርነት በወጪ ብቻ ማድከም ይቻላልን? የሐን መንግሥት ሞክሮታል። (ኋላ ከተነሣው ታላቁ የሐን ሥርወ መንግሥት ጋር አይምታታብን፤ ይህኛው ከሰባቱ ተፋላሚ መንግሥታት መካከል አነስተኛው ነበር።) ምዕራባዊ ጎረቤቱ ቺን እየገፋ ሲያስጨንቀው፣ ዠንግ ጉዎ የተባለ የውኃ መሐንዲስ ላከበት። ተልእኮውም የቺን ንጉሥ ከጂንግ ወንዝ እስከ ሉዎ ወንዝ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የመስኖ ቦይ እንዲያስቆፍር ማሳመን ነበር። ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ246 ተጀመረ። ጉልበቱ በቁፋሮ የተያዘ አገር ወደ ምሥራቅ አይዘምትም ተብሎ ታስቦ ነበር።

ሥራው ሳይጠናቀቅ ሤራው ተጋለጠ። ዠንግ ጉዎ ሰላይነቱን አልካደም፤ ይሁን እንጂ ቦዩ ካለቀ የሚጠቀመው ቺን ነው ሲል ተከራከረ። ንጉሡም ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በእኔ ግምት ከብዙ ድሎቹ የሚበልጥ ውሳኔ ነው። ደለል ያዘለው ውኃ ጨዋማውን መሬት አለማው። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን የለማውን መሬት 40,000 ቺንግ ያደርሰዋል፤ አኃዙ የተጋነነ ሊሆን ቢችልም፣ እህሉ የሚመረተው በዋና ከተማው አቅራቢያ ስለነበር የሠራዊቱ ስንቅ ምንጭ ሆነ።

የሐን መካሪዎች የተሳሳቱት የቺንን ወጪ በማስላታቸው አልነበረም፤ ወጪውን በእርግጥ አውጥቷል። ስሕተታቸው ጦርነትንና መስኖን በአንድ መዝገብ ማስፈራቸው ነው። ሱን ዙ የቆጠረው ሙጫና ስንቅ አንዴ ወጥቶ የሚቀር ነው፤ ቦይ ግን በየዓመቱ ይመልሳል። በዚያ ላይ ከሻንግ ያንግ ተሐድሶ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ እርሻንና ውትድርናን ያስተሳሰረው የቺን አስተዳደር ብዙ ጉልበት የማሰማራት ልምድ ነበረው።

ሲማ ቺየን ከዚሁ ጉዳይ ጋር የሚያያይዘው ሌላ ክሥተትም አለ። የዠንግ ጉዎ ሰላይነት ሲታወቅ መኳንንቱ ከሌላ አገር የመጡ ሹማምንት ሁሉ እንዲባረሩ ጠየቁ፤ ትእዛዙም ወጣ። ከሚባረሩት አንዱ የቹ ተወላጁ ሊ ሲ ነበር። እርሱም ቺንን ያገነኑት የውጭ ተወላጆች እንደሆኑ በአቤቱታ አስረድቶ ትእዛዙን አሻረ፤ በኋላም ዋና ሚኒስትር ሆነ።

በ230 ከስድስቱ ተቀናቃኞች አስቀድሞ የወደቀው ሐን ነው፤ በ221 ቺን ሁሉንም ጠቀለለ። ቦዩም በሰላዩ ስም የዠንግ ጉዎ ቦይ ተባለ።