የሚላጥ ግድግዳ፦ ዘንዶ፣ ጋኔንና ጨርቅ ከጎንደር እስከ ደረስጌ



ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ስንወያይ «ምን ተሣለ?» ብለን መጀመር ልማዳችን ነው። ዛሬ «በምን ላይ ተሣለ?» የሚለውን ላስቀድም እወዳለሁ።

በጎንደር ዘመን የመቅደሱ ግድግዳ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ በላዩ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ጨርቁ ነጭ ቅብ ይቀባል፤ ከዚያ ሠዓሊው በመስመር ነድፎ ቀለሙን ይሞላል። ዘንዶው፣ አርባዕቱ እንስሳ፣ በሲኦል የታሰረው ዲያብሎስ ሁሉ ያረፉት በዚህ ድርብርብ ገላ ላይ ነው። እነዚህን «ምናባዊ» ማለት ያስቸግራል፤ ሠዓሊው የፈጠራቸው ሳይሆን ያመነባቸው ናቸውና። ነገር ግን መጽሐፍ ዝም ባለበት፣ በቀንዱና በጥፍሩ፣ እጁ ነፃ ነበር። አንድ ሕግ ግን ጠበቅ ያለ ነው፦ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ክፉ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል።

የደብተራው ክታብ በተቃራኒው ይሠራል። በባለቤቱ ቁመት ልክ በተዘጋጀ ብራና ላይ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ ጠልሰሙ አፍጥጦ ያያል፤ ጋኔኑ የሚባረረው በዚያ እይታ ነውና። በቤተ መቅደስ የተነፈገው ዓይን በክታቡ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው።

ወደ ጨርቁ ልመለስ። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የታነጸው የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ ተልዕኮ ከግድግዳው አላቆ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በጭቃው ላይ በቀጥታ ቢሣሉ ኖሮ እንዲህ ተጠቅልለው ባልተጓዙም ነበር።

ዳባትንና ደባርቅን አልፎ በጃናሞራ፣ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ትገኛለች፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ የነገሡባት። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሳንደር በውቤ ቤት ማገልገሉን የሰማ ተማሪ በሥዕሎቿ ላይ አውሮፓዊ እጅ መፈለጉ አይቀርም። በእኔ ግምት ይህ ጥያቄ ጊዜው ገና ነው። ጣራ ሲያፈስ ጭቃው ይርሳል፣ ጨርቁም ይለቃል፤ በደግነት የሚደረብ የፋብሪካ ቀለም የቀደመውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ወደዚያ የምትወጡ ሁሉ መልኩን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት የጨርቁን መጋጠሚያና የተላጠውን ጠርዝ መዝግቡልን።