ፍርሃት ያስተማረው ትምህርት፤ ከኤችአይቪ ፖስተር እስከ እንጦጦ ጸበል

በኢትዮጵያ የኤችአይቪ መኖር በደም ናሙና የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። በዚያ ዘመን ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረም፤ ዕድሜ የሚያራዝም ሕክምናም ለሀገሪቱ ሕሙማን አልደረሰም። የጤና ትምህርት በእጁ የነበረው ቃልና ሥዕል ብቻ ነበር። ቃሉ ብዙውን ጊዜ ኤድስ ገዳይ መሆኑን ያውጅ ነበር፤ ሥዕሉም የራስ ቅል፣ መቃብር ወይም ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀ ሕመምተኛ ነበር።

በማስፈራራት ማስተማር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በ1987 የብሪታንያ መንግሥት የመቃብር ድንጋይ የሚታይበትን ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አሳየ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ሞትን በማጭድ ያዥ አፅም መስላ፣ ሰዎችን በኳስ እየመታ ሲጥል የሚያሳይ ማስታወቂያ አሠራጨች። የታሰበው ሕዝቡ ሞትን ፈርቶ እንዲጠነቀቅ ነበር፤ ይሁንና በብዙዎች ዓይን አፅሙ የበሽታው ሳይሆን የሕሙማኑ ምስል ሆኖ ቀረ።

የእነዚህ ሥዕሎች ጉድለት ስለ አደጋው የሚሰጡት ግምት ከእውነቱ መራቁ ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ሕክምና ባያገኝም እንኳ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ለስምንትና ለዐሥር ዓመት ያህል፣ ጤነኛ መስሎ ሊኖር ይችላል። ፖስተሩ ግን የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ስላሳየ፣ ተመልካቹ የከሳውን ጎረቤቱን ሲሸሽ ወዘናው ያማረውን ጓደኛውን ያለ ጥርጣሬ አመነ። በአንድ ጽዋ መጠጣት፣ በአንድ ማዕድ መብላት፣ መጨባበጥና ልብስ መዋዋስ ቫይረሱን አያስተላልፉም፤ እጅግ የተፈሩት ግን እነዚህ ነበሩ። ቫይረሱ ባለበት ደም በተበከለ መርፌ መወጋት እንኳ የሚያስከትለው የመያዝ ዕድል ከ1000 ውስጥ 3 ያህል ነው። ፍርሃቱ አደጋውን ካለበት አንሥቶ በሌለበት አስቀመጠው። ከዚህም በላይ፣ መጨረሻው ሞት ብቻ ነው ለተባለ ሰው መመርመር የሞት ፍርዱን አስቀድሞ ከመስማት የተለየ አልመሰለውም።

ይህ ፍርሃት የት እንዳደረሰ ከየካና ከጉለሌ በላይ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ይመሰክራል። አፄ ምኒልክ በ1889 ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም አካባቢ ከዘመናት በኋላ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ብዙ ወገኖች ለጸበል የሚሰባሰቡበት ሆነ። ወደ ተራራው የወጣውን ሁሉ ፍርሃት አላባረረውም፤ በጸበል መፈወስን ማመን ከቫይረሱ እጅግ የቀደመ ነው። ሆኖም ከቤተሰብና ከጎረቤት የተገለሉ ሰዎች በዚያ ከፈውስ ተስፋ ጋር አብሯቸው የሚበላና የሚያስታምማቸው ሰው አገኙ። በጃንዋሪ 2005 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር፣ መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው የተዉት ወይም ያቋረጡት ነበሩ። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ አስተማሩ። ለዓመታት ሞትን ሲሰማ የኖረ ሕዝብ፣ ሁለቱንም ይዞ መኖር እንደሚቻል ከሚያምነው አንደበት ሰማ።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከሕሙማኑ ከራሳቸው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ተመሠርተው፣ አባሎቻቸው በአደባባይ ቆመው ሲናገሩ አፅሙ የሰው ፊት አገኘ። ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማም በማስፈራራት ፈንታ፣ አድማጩ ራሱን የሚያይባቸውን ገጸ ባሕርያት ከነምርጫቸውና ከነውጤቱ አቀረበ።

ሳይንሱም ይህንኑ ይደግፋል። ተመራማሪዋ ኪም ዊት በ1992 ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ አደጋው የተነገረው ሰው ሊያደርገው የሚችለው መፍትሔ ካልታየው የሚከላከለው አደጋውን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው፤ መልእክቱን ይክዳል ወይም ይሸሸዋል። በ2016 እና በ2019 ይፋ የሆኑት የፓርትነር ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ አሳይተዋል። ይህ ከማንኛውም የራስ ቅል ይልቅ ሰውን ወደ ምርመራ የሚጠራ እውነት ነው።

ዛሬ ስለ ካንሰር፣ ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት ፖስተር የሚያዘጋጅ የጤና ባለሙያ ይህን ታሪክ ሊያስታውስ ይገባል። አደጋው በልኩ ይነገር፤ ከአጠገቡም የሚደረገው ነገር፣ የሚደረግበት ስፍራና የሚገኘው ጥቅም ይጻፍ። ሕመምተኛው ራሱ ያን ፖስተር ቆሞ እንደሚያነበውም አይዘንጋ፤ በሥዕሉ ውስጥ ያገኘው ሞቱን ብቻ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያው በር የሚያደርሰው ምክንያት አይኖረውም።