የተከዜው በርሜልና የስፕሪንግ ቫሊው ጉድጓድ

ከክሪስታል ሲቲ ፖቶማክን ሲሻገሩ ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል የዋሽንግተን ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1993 እዚያ ቦይ ሲቆፈር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተቀበሩ የአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይቶች ተገኙ። መርዝ ኬሚካል ይሞከርበት የነበረ ቦታ ነው። ቁፋሮው ቆመ፤ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፤ የጦሩ ባለሙያዎች መጥተው አነሱት። ጽዳቱ ብዙ ዓመታት ፈጀ።

ይህን መርዝ የእኛም አገር ታውቀዋለች። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ በርሜል መሳይ ነገር ጣሉ። መሬት ሲነካ ተሰብሮ ፈሳሽ ረጨ። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ኢፔሪት ነበር። ቅባትነት ስላለው ልብስን ዘልቆ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። የመጀመሪያው እርዳታ ፈጥኖ ልብስን አውልቆ መታጠብ ነው። በባዶ እግሩ የዘመተው ወታደር ግን ጭንብልም መከላከያ ልብስም አልነበረውም። ራስ እምሩ ራሳቸው ምን ማድረግ እንደሚገባ ግራ እንደገባቸው በኋላ ተናግረዋል።

ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማለች። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው ቢያሰሙም የመንግሥታቱ ማኅበር አላዳነንም። የጣሊያን መንግሥት በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

የስፕሪንግ ቫሊ ሰዎች የዳኑት «መርዝ አለ፣ ውጡ» የሚላቸው ስለነበረ ነው። የተከዜ ቁስለኞች ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ «አልተደረገም» ተባለባቸው። የአደጋ ምላሽ የሚጀምረው ከማመን ነው። ይህን ለልጆቻችን እንንገር።