ቀለሙን ያስለቀቀው ማን ነው?

ነጭ ጨርቅ ላይ የተጠለፈ ቀይ አበባ ከመጀመሪያው እጥበት ዙሪያው ሮዝ ሆኖ ሲወጣ ወቀሳው የሚያርፈው አጣቢዋ ላይ ነው። “ውሃው ሞቆ ነው”፣ “ከሌላ ልብስ ጋር ተዘፍዝፎ ነው”፣ “ቶሎ አልተሰጣም” ይባላል። የወራት የእጅ ሥራ በአንድ ሳፋ ውሃ ይበላሻል። የማቅለሚያ ታሪክ ግን ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ያሳያል። ቀለሙ የሚለቀው ሳፋው ውስጥ ቢሆንም ምክንያቱ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ክሩ ሲነከር የተቆጠበው ጊዜ ነው።

ጥጥ ከሱፍና ከሐር ይልቅ ቀለም ማስያዝ ያስቸግራል። ቀይ ደግሞ ይብሳል። ብዙው የተፈጥሮ ቀለም ብቻውን ጥጥ ላይ አይቆይም፤ አስታራቂ ይፈልጋል። አስታራቂው እንደ አሉም ያለ የማዕድን ጨው ነው፤ በአንድ እጁ ክሩን፣ በሌላው ቀለሙን ይይዛል። ይህን ጥበብ ከሁሉ ቀድመው የተካኑት የሕንድና የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ነካሪዎች ነበሩ። በኦቶማን ግዛት በኤዲርኔና በአካባቢው ጥጡ ማደር በተባለ ተክል ሥር ከመነከሩ በፊት በቆየ የወይራ ዘይት፣ በበግ በጠጥና በአሉም ደጋግሞ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ይታጠባል። የከብት ደም የሚጨምሩም ነበሩ። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ውጤቱ አውሮፓውያን “የቱርክ ቀይ” ያሉት፣ ቢታጠብም ፀሐይ ቢመታውም የማይበገር ቀይ ነበር።

አውሮፓ ይህን ምስጢር ያገኘችበት መንገድ ዛሬ የኢንዱስትሪ ስለላ ከሚባለው ብዙ አይርቅም። በ1747 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ግሪካውያን ነካሪዎች ወደ ፈረንሳይ ተወሰዱ። በ1765 የፈረንሳይ መንግሥት አሠራሩን አሳትሞ ይፋ አደረገ። በ1785 ደግሞ ከሩዋን የሄደው ፒየር ዣክ ፓፒዮን ከጆርጅ ማኪንቶሽ ጋር ግላስጎው ውስጥ የቱርክ ቀይ መንከሪያ አቋቋመ።

የዚህን ልፋት ዋጋ ያዩት ሰፊዎቹ ናቸው። በ1840ዎቹና በ50ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የባልቲሞር ሴቶች “አልበም ኩዊልት” የሚባሉትን የአልጋ ልብሶች ሲሠሩ ቀይና አረንጓዴ ቁርጥራጮችን ነጭ ጨርቅ ላይ ይሰፉ ነበር። ነጭ ላይ ቀይ ለመስፋት የደፈሩት ቀዩን ስላመኑት ነው። በየሙዚየሙ የተቀመጡ ሥራዎቻቸው ዛሬም ቀያቸው ቀይ፣ ነጫቸው ነጭ ነው። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር ብቻ መጥለፍ የተስፋፋውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የቱርክ ቀይ ክር እጥበት ይችላል።

ገበያው ግን ሳምንታት መጠበቅ ሰለቸው። በ1856 የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊሊያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ኬሚካል ሐምራዊ ቀለም ሠራ። በ1868 ጀርመናውያኑ ካርል ግሬበና ካርል ሊበርማን የማደርን ቀይ በቤተ ሙከራ ሠሩ፤ ብዙም ሳይቆይ የፈረንሳይ የማደር ገበሬዎች ገበያቸውን አጡ። ይህ ሰው ሠራሽ ቀይ አሁንም አስታራቂውን ስለሚፈልግ ጽናቱ አልጠፋም። ስለዚህ ችግሩ ቀለሙ ሰው ሠራሽ መሆኑ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው በ1884 ነው። ፓውል ቦቲገር ያለ ምንም አስታራቂ ጥጥን በቀጥታ የሚያቀላ ቀለም አገኘ። ክሩን ትኩስ ማቅለሚያ ውስጥ መንከር ብቻ በቂ ሆነ። አግፋ የተባለው ኩባንያ መብቱን ገዝቶ “የኮንጎ ቀይ” ብሎ ለገበያ አቀረበው። ቀለሙ ከኮንጎ አልመጣም፣ ለኮንጎም አልተሠራም። በዚያው ሰሞን ኃያላኑ የአፍሪካን ቅርምት ደንብ ለማውጣት በርሊን ላይ ተሰብስበው ስለነበር ኮንጎ የጋዜጦች ሁሉ ወሬ ነበረች። ስሟ ለቀለም መሸጫ ዋለ።

የኮንጎ ቀይ ርካሽ ነው፣ ግን ይለቃል። ከጥጡ ጋር የያዘው ደካማ ስበት ብቻ ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ወደ ጎረቤቱ ነጭ ይሻገራል። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ጠንካራ አሲድ ሲነካው ጭራሽ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በዚያ ዘመን በተሠሩ የአሜሪካ ኩዊልቶች ላይ ወደ ሮዝማ ቡኒ የወረደ ቀይ፣ የጨርቅ ታሪክ አጥኚዎች ዕድሜ ከሚገምቱባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባላል። እዚህ ላይ ግን የቸኮለውና የለቀመችው አንድ ሰው አይደሉም። የተቆጠበው ጊዜ ለፋብሪካው ትርፍ ሆነ፤ ልቅሚያው ለሰፊዋ ተረፈ።

ቀለም የመንግሥታትም ራስ ምታት ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አብዛኛው የዓለም ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ የሚመረተው በጀርመን ነበር። ብሪታንያ ባሕሩን ስትዘጋ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ቀለም አጡ። በጁላይ 1916 ዶይችላንድ የተባለች የጀርመን የንግድ ሰርጓጅ መርከብ እገዳውን ሰብራ ያችው ባልቲሞር ወደብ ስትደርስ ከጫነቻቸው ዋና ዕቃዎች አንዱ ማቅለሚያ ነበር። ስትመለስ ጎማና ኒኬል ይዛ ሄደች። አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ የጀርመንን የኬሚካል ፓተንቶች ወርሳ የራሷን የቀለም ኢንዱስትሪ አጠናከረች።

ኬሚስትሪ የኋላ ኋላ ዕዳውን ከፍሏል። በ1901 ረኔ ቦን በባስፍ ኩባንያ ያገኘው ኢንዳንትሬን ክሩ ውስጥ ገብቶ በውሃ የማይሟሟ ይሆናል። በ1956 አይ.ሲ.አይ ለገበያ ያቀረባቸው ቀለሞች ደግሞ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይጣመራሉ። እነዚህም ቢሆኑ ከተነከሩ በኋላ ያልተጣመረው ትርፍ ቀለም በብዙ ሙቅ ውሃ ታጥቦ መውጣት አለበት። ውሃና ነዳጅ ገንዘብ ነው። የመጨረሻውን እጥበት ያሳጠረ አምራች ያንን እጥበት ለገዢው ሳፋ አስተላልፎታል።

ለዚህ ነው ጨውና አቼቶ ተስፋ የሚያስቆርጡት። ጨው ነካሪው ቀለሙን ወደ ጥጥ ለመግፋት፣ አሲድም ሱፍና ሐር ለመንከር ይጠቀምበታል፤ ቤት ውስጥ ግን ልቅ የሆነን የጥጥ ቀለም አያስሩም። የሚጠቅመው ከመጥለፍ በፊት የክሩን ቁራጭ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደርና ነጩን ማየት ነው። ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም ሥራው መድረቅ የለበትም፤ ካውያም አይነካውም። ሳይታጠፍ፣ በብዙ ውሃና በሳሙና ውስጥ ተዘርግቶ፣ ውሃው እስኪጠራ መቀያየር ነው። በረኪና ነጩን ቢያነጣ እንኳ የጥልፉን ቀለም ይዞ ይሄዳል።

ነጭ ጥጥ ላይ ያለ ጥለትና ጥልፍ የሀገር ልብስ መለያ በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሸማኔውም ጠላፊዋም ክሩን የሚገዙት ተነክሮ ነው፤ ስማቸው የሚጠፋው ግን እነሱ ባልነከሩት ቀለም ነው። ጥያቄው ከአጣቢዋ ተነሥቶ ወደ ክር ሻጩ፣ ከሻጩም ወደ አስመጪውና ወደ አምራቹ መሄድ አለበት። የኤዲርኔ ነካሪዎች ሳምንታት የለፉት ሌላ ሰው ነጩን ጨርቅ በእምነት እንዲያጥብ ነበር።