እናት ናት ወይስ አክስት? ዲ.ኤን.ኤ. በስደተኛ ቤተሰብ ላይ የሠራው ታሪክ

ልጅ ወይም ወላጅ ለማስመጣት ሆም ኦፊስን ደጅ የጠና ሁሉ «ዲ.ኤን.ኤ.» የሚለውን ቃል ከጠበቃው አፍ ሳይሰማ አይቀርም። ለብዙዎቻችን ቃሉ ከወንጀልና ከፖሊስ ፊልም ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ይህ ምርመራ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር የሠራው ነፍሰ ገዳይ ለመያዝ ሳይሆን ለአንድ አፍሪካዊ ልጅ ነበር። ያውም እዚሁ ለንደን ውስጥ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ላይ ኪንግስ ኮሌጅ አለ። ብዙዎቻችን በአውቶቡስ እናልፈዋለን። በ1952 በዚያ ኮሌጅ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን መሪነት ተማሪያቸው ሬይመንድ ጎስሊንግ በራጅ ጨረር አንድ ፎቶግራፍ አነሣ። በፎቶው ላይ የወጣው የመስቀል መሰል ምልክት ዲ.ኤን.ኤ. ጠመዝማዛ ቅርጽ እንዳለው የሚያመለክት ነበር። የካምብሪጆቹ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ሙሉውን ቅርጽ፣ ማለትም እንደ ገመድ የተገመደ መሰላል መሆኑን ገለጡ። ዋትሰን ፎቶውን ያዩት ግን ፍራንክሊን ሳያውቁ ነው። በ1962 ለዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ እሳቸው በ37 ዓመታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ዲ.ኤን.ኤ. ማለት በሕዋሶቻችን ውስጥ የሚገኝ ረጅም ጽሑፍ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። የእኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ሲሆን የዚህ ጽሑፍ ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው። ከእናት የምንወርሰው ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው፤ ከአባትም እንዲሁ። በማናቸውም ሁለት ሰዎች መካከል ከሺህ ፊደል የሚለየው አንድ ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም በጽሑፉ ውስጥ እንደ ዘፈን አዝማች እየተደጋገሙ የሚመጡ ክፍሎች አሉ፤ ድግግሞሻቸውም ከሰው ሰው ይለያያል።

የሌስተር ዩኒቨርሲቲው አሌክ ጄፍሪስ የያዙት ይህንን ነበር። ዲ.ኤን.ኤ.ውን እንደ መቀስ በሚቆርጥ ኤንዛይም ቆራርጠው፣ ቁርጥራጩን በርዝመቱ ለይተው፣ በራጅ ፊልም ላይ እንዲታይ አደረጉ። መስከረም 10 ቀን 1984 ሰኞ ጠዋት ፊልሙ ሲታጠብ በሱቅ ዕቃ ላይ እንደምናየው ያለ የመስመር ምልክት ወጣ። የአንዱ ሰው መስመር ከሌላው አይገጥምም፤ የልጅ መስመሮች ግን ገሚሱ ከእናት፣ ገሚሱ ከአባት ሆኖ ተገኘ።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ልጅ ከጋና ብቻውን ወደ ብሪታንያ ይመጣል። የተወለደው እዚሁ አገር ሲሆን አባቱ ዘንድ ጋና ሄዶ ኖሮ፣ አሁን ወደ እናቱ፣ ወደ ወንድሙና ወደ ሁለት እኅቶቹ መመለሱ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ግን «ይህ ያ የሄደው ልጅ አይደለም፤ ተለውጦ የመጣ ነው፤ ምናልባትም የእኅቷ ልጅ ይሆናል» ብለው መኖሪያ ከለከሉት። የተለመደው የደም ምርመራ ተደረገ። ዘመድ መሆናቸውን አሳየ፤ ሴትየዋ እናቱ ትሁን አክስቱ ግን ሊለይ አልቻለም። ጉዳዩን የያዙት የሐመርስሚዝና ፉላም የሕግ ማእከል ጠበቃ ሺዮና ዮርክ ስለ ጄፍሪስ ግኝት ጋዜጣ ላይ አነበቡና ጻፉላቸው።

አስቸጋሪው አባትየው አለመገኘቱ ነበር። ጄፍሪስ ምን አደረጉ? የሦስቱን ልጆች መስመር ከእናታቸው ጋር አስተያዩ። በልጆቹ ላይ ታይቶ በእናታቸው ላይ የሌለው መስመር ሁሉ ከአባት የመጣ ነው። በዚህ ዓይነት ያልተገኘውን አባት በፊልም ላይ መልሰው ገጣጠሙት። ከጋና የመጣው ልጅ መስመሮች ግማሽ ያህሉ ከዚሁ ከአባት ወገን ጋር ገጠሙ፤ የቀሩት በሙሉ በሴትየዋ ላይ ተገኙ። አክስቱ ብትሆን ኖሮ ከቀሩት ብዙዎቹ ባልተገኙባት ነበር። በ1985 ሆም ኦፊስ ክሱን ተወ፤ ልጁም ከእናቱ ጋር ቀረ። ከዚያ በኋላ በተለይ ከባንግላዴሽና ከፓኪስታን የመጡ ወላጆች፣ ውሸታሞች ተብለው ከልጆቻቸው ተለይተው የኖሩ፣ በዚሁ ምርመራ እውነታቸው ወጣ።

እንግዲህ ይህ የነገሩ መልካም ገጽ ነው። ነገር ግን ዲ.ኤን.ኤ. የሚያውቀው የወለደን እንጂ ያሳደገን አይደለም። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ናይሮቢ ውስጥ ቤተሰብ ለመቀላቀል ያመለከቱ 500 ያህል ስደተኞችን መረመረ፤ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ምርመራው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቶ 3,000 ያህል ሰው ደረሰ። ያሉት ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከመቶ ሃያ አልሞሉም፤ እምቢ ያሉትና ሳይቀርቡ የቀሩትም ካልተረጋገጠላቸው ጋር ተቆጥረዋል። ፕሮግራሙም እስከ 2012 ተዘጋ። ዋሽቶ የሰው ልጅ ያስመዘገበ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ግን የሟች እኅቱን ልጅ ከራሱ ልጆች ሳይለይ ያሳደገ፣ የጡት ልጅ ያለው፣ በጉዲፈቻ የወሰደ ሰው በአገራችን ስንት ነው? «ልጄ ነው» ሲል እየዋሸ አይደለም። የምራቅ ምርመራ ግን «አይደለም» ይለዋል። ስለዚህ ያሳደጉትን ልጅ የሚያስመጣ ሰው ፎርሙን ሲሞላ ከመጀመሪያው ያንኑ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ከዚህ የባሰው በ2009 እዚሁ አገር ተሞከረ። የብሪታንያ የድንበር መሥሪያ ቤት ሶማሊያዊ ነኝ ብለው ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎች በእርግጥ ከሶማሊያ ይምጡ ወይስ ከጎረቤት አገር በዲ.ኤን.ኤ.፣ እንዲሁም በፀጉርና በጥፍር ምርመራ ሊለይ ተነሣ። የጅጅጋውና የሐርጌሳው ሰው የአንድ ጎሣ ልጆች ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ አፋሩም በሦስት አገር ተከፍሎ እንደሚኖር ማን በነገራቸው! ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ደም አይተው አላሰመሩም። ፀጉርና ጥፍርም ቢሆን የሚናገረው ሰው በቅርቡ የበላበትንና የጠጣበትን ነው፤ እዚህ ጥቂት ወራት ለሰነበተ ሰው የለንደንን ውሃ ማለት ነው። ይህን ሙከራ አጥብቀው ከነቀፉት ሳይንቲስቶች አንዱ ራሳቸው ጄፍሪስ ነበሩ። በ2011 ሙከራው ቀረ።

በጥቅምት 2018 ደግሞ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። መሥሪያ ቤታቸው የአንዳንድ አመልካቾችን ዲ.ኤን.ኤ. በግዴታ ሲጠይቅ ቆይቶ ነበር፤ ለዚህም የሕግ ሥልጣን እንዳልነበረው አመኑ።